ጤነኛ ሆኖ የመጣ ሰው ለምን ይታመማል?



በዳህራን፣ በደማምና በኾባር እየኖራችሁ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ በሥራ ውል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ስትመጡ አንድ ወረቀት ይዛችሁ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በተፈቀደለት ክሊኒክ ደማችሁ ተቀድቷል፣ ደረታችሁ ራጅ ተነሥቷል። ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና ሳንባ ነቀርሳ እንደሌለባችሁ፣ ሴቶች ከሆናችሁ ደግሞ ነፍሰ ጡር እንዳልሆናችሁ ተረጋግጦ «ለሥራ ብቁ» ተብላችኋል። ምርመራውን ያላለፈ ቪዛ አላገኘም። ያ ወረቀት ለኤጀንሲው ተራ ፎርማሊቲ ነው፤ የሕዝብን ጤና ለሚያጠና ሰው ግን ትልቅ ማስረጃ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ የቆየ ክርክር አለና፦ ሰው ዝቅ ያለ ኑሮ ስለሚኖር ነው የሚታመመው፣ ወይስ ስለታመመ ነው ኑሮው ዝቅ ያለው? በሌላ ቦታ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። እናንተን በተመለከተ ግን መንግሥታት ራሳቸው ቀድመው መልሰውታል። ጤነኛ መሆናችሁ በማኅተም ተረጋግጦ ነው የገባችሁት። ከዚያ በኋላ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ የመጣው የወገብ ሕመም፣ የኩላሊት ችግር፣ የደም ግፊት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የአእምሮ መታወክ ብዙውን ጊዜ ከመጣችሁበት ቀዬ የተከተላችሁ ነገር አይደለም። እዚህ ከያዛችሁት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ የምሟገተው ስለዚሁ ነው፤ በሽታ በሰዎች መካከል የሚከፋፈለው በገቢ መጠን ብቻ ሳይሆን ሰው በገዛ ጊዜው፣ በገዛ አካሉና በመሄድ በመምጣቱ ላይ ባለው ሥልጣን ልክ ነው።

ለዚህ ሐሳብ ጽኑ መሠረት የሰጠው ጥናት የመጣው ከድሃ አገር አይደለም። በ1967 (ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ለንደን ውስጥ ኋይትሆል በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፈር የሚሠሩ 18,000 ያህል ወንድ ሠራተኞችን ጤና መከታተል ተጀመረ። በኋላ ሰር የተባሉት ማይክል ማርሞት ውጤቱን ሲተነትኑ፣ በዝቅተኛው እርከን ያሉት ተላላኪዎችና ዘበኞች በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከከፍተኛ አስተዳዳሪዎቹ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የተራበ የለም፣ ቤት አልባ የለም፣ የእንግሊዝ መንግሥት ነፃ ሕክምናም ለሁሉም ክፍት ነበር። በይበልጥ የሚደንቀው በመካከል ያለው ነው። ከላይ ሁለተኛው እርከን ላይ ያለው ሰው ከአንደኛው የባሰ ጤና ነበረው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው የባሰ፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ማጨስ፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ተደምረው ያስረዱት ከልዩነቱ ግማሹን እንኳ አልሞላም። በ1985 ሴቶችን ጨምሮ ከ10,000 በላይ ሠራተኞችን ይዞ የተጀመረው ሁለተኛው ጥናት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አወጣ፤ በሥራው ላይ የመወሰን ዕድል የሌለው፣ መቼ ሠርቶ መቼ እንደሚያርፍ ሌላ የሚወስንለት ሰው፣ የልብ ሕመሙ ይበዛል። ደመወዙን ያስተካከለለት እንኳ ቢኖር ይህ ብቻውን የሚያደርሰው ጉዳት አለ ማለት ነው።

የምንቀመጥበት ከተማ ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። በመጋቢት 1938 ደማም ቁጥር 7 በተባለው ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ሲገኝ፣ የአሜሪካውያኑ የነዳጅ ኩባንያ ዳህራን ላይ የተከለው ሰፈር ሰውን በማዕረግና በዘር የለየ ነበር። አሜሪካውያኑ ሣር በተተከለበት፣ አየሩ በማሽን በሚቀዘቅዝ ቤት ይኖራሉ፤ ዝቅተኛው ሥራ ላይ ያሉት የሳዑዲ ሠራተኞች ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ በዘንባባ ቅጠል በተሠሩ ጎጆዎች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ለራስ ታኑራ ማጣሪያ ግንባታ ከአስመራ የመጡት ጣሊያኖች እንኳ ከአሜሪካውያኑ በታች፣ ለብቻቸው በተከለለ ሰፈር ነበር የተቀመጡት። በ1953 የሳዑዲ ሠራተኞች 13,000 ያህል ሆነው ሥራ ሲያቆሙ ከደመወዙ ጋር መኖሪያ ቤትንም አንሥተዋል። ይህን የማነሣው አሮጌ ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። ያ ዘመን ዛሬ የባለጸጋ አገር ዜጋ የሆነው ሰው በገዛ አገሩ ዝቅተኛውን እርከን ይዞ እንደነበረ፣ በሽታውም የዚያ እርከን በሽታ እንደነበረ ያሳያል። በቀጢፍና በአል አሕሳ የዘንባባ እርሻዎች ወባ ይፈጅ ነበር። ትራኮማም ዓይን ያጠፋ ነበር፤ የነዳጅ ኩባንያው በ1954 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትራኮማን ማጥናት የጀመረው እዚሁ ነው።

ትራኮማ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከዚህ ባሕር ዳርቻ እስከ ጎጃምና ወሎ ሁለቱን አገር የሚያገናኝ በሽታ ነውና። ተሐዋሲው አንድ ነው፣ ዝንቡም ዝንብ ነው። በምሥራቃዊ ሳዑዲ ዓረቢያ ቧንቧ ገባ፣ ጎጆው በግንብ ቤት ተተካ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ ፊት መታጠቢያ ውኃ ብርቅ መሆኑ ቀረ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ሳዑዲ ዓረቢያን ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ካበቃላቸው አገሮች ተርታ አስገብቷታል። የአማራ ክልል ግን በዓለም ላይ ይህ በሽታ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ እንደሆነ ነው። በክልሉ ለብዙ ዓመታት ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት በዘመቻ ሲታደል፣ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናም ሲሰጥ ቆይቷል፤ ብዙ ዓይን ተርፏል፣ ሠራተኞቹም ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ከአሥር ዓመት በላይ ከተደረገ እደላ በኋላም በሽታው ያልለቀቃቸው ወረዳዎች አሉ። መድኃኒቱ ተሐዋሲውን ይገድላል፤ ውኃ ለመቅዳት የሚኬደውን የሰዓታት መንገድ ግን አያሳጥርም። የሚታወሩትም ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ፤ ዓይኑ የታመመውን ሕፃን አቅፈው የሚውሉት እነርሱ ናቸውና። እንግዲህ አንድ ተሐዋሲ በሁለት አገር ሁለት ዕጣ ከኖረው፣ ልዩነቱን ከተሐዋሲው ውስጥ ፈልገን አናገኘውም።

አሁን ወደ ዛሬዋ ደማም እንምጣ። በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሳዑዲ ዓረቢያ ሕዝብ 32.2 ሚሊዮን ሲሆን ከመቶ 41.6 ያህሉ የውጭ አገር ዜጎች ናቸው። በእነዚህ ውስጥም እርከን አለ፤ መሐንዲሱና ሐኪሙ፣ ሹፌሩ፣ የግንባታ ሠራተኛው፣ እረኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ። ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን በብዛት ያሉት የመጨረሻው ላይ ነው። የ2005ቱ የሳዑዲ የሥራ ሕግ የቀን ሥራን በስምንት ሰዓት ይወስናል፣ በረመዳን ለሙስሊም ሠራተኛ ወደ ስድስት ሰዓት ያወርደዋል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከራሱ ውጭ አድርጓል። በ2013 ለእነርሱ የተለየ ደንብ ወጣ፤ በቀን ቢያንስ የዘጠኝ ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ የሕመም ፈቃድም ይሰጥ ነበር። በ2024 ደግሞ በአዲስ ደንብ ተተክቷል። ደንብ መኖሩ መልካም ነው፣ ሳይነገር ማለፍም የለበትም። ዳሩ ግን ፋብሪካን የሚጎበኝ ተቆጣጣሪ የሰው ቤት አንኳኩቶ አይገባም። በረመዳን ቢሮው ቀደም ብሎ ሲዘጋ የቤቱ ማዕድ ቤት እስከ ስሑር፣ ጾም ከመያዙ በፊት እስከሚበላው የሌሊት ምግብ ድረስ፣ ክፍት ነው። ስለዚህ የአንዲት እህት እንቅልፍ በሕግ የተጻፈ ቢሆንም የሚሰፈረው በማዳም፣ በአሠሪዋ እመቤት፣ ፈቃድ ነው።

የሕክምናውን መንገድ ተመልከቱ። የግል ድርጅት ተቀጣሪ የሆነ የውጭ ዜጋ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ሲታደስ አሠሪው የጤና መድን እንዲገባለት ሕግ ያስገድዳል። ለቤት ሠራተኞች የመድን ግዴታ የመጣው ገና በ2024 ሲሆን፣ የጀመረውም ብዙ ሠራተኛ ከሚቀጥሩ ቤቶች ነው። አንዲት ሠራተኛ ብቻ ባለችበት ቤት፣ አብዛኞቹ እህቶቻችን ባሉበት ማለት ነው፣ ሆድ ሲቆርጥ ወደ ሐኪም ለመሄድ የአሠሪ ጊዜ፣ የአሠሪ መኪና፣ የአሠሪ ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜም የአሠሪ አስተርጓሚነት ያስፈልጋል። ሐኪሙ ፊት ስለ ማሕፀኗ ወይም ስለ ልቧ ጭንቀት የምትናገረው ማዳም አጠገቧ ቆማ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሰው ሕመሙን አይናገርም፣ ከሰይደሊያ (ከመድኃኒት ቤት) የራስ ምታት ክኒን ገዝቶ ይቆያል። በጊዜ ቢታይ በሳምንት የሚድን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ኩላሊት ላይ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ «ሁሩብ»፣ ማለትም ከሥራ ጠፍታለች ተብሎ፣ የተመዘገበባት ደግሞ ከዚህም የባሰ ደጅ ላይ ናት፤ ሆስፒታል መሄድና ለፖሊስ እጅ መስጠት በሐሳቧ አንድ ይሆኑባታል።

ውጭ ለሚሠሩት ወንድሞቻችን ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። መንግሥት ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ማሠራትን ከልክሏል፤ ሕይወት የሚያድን ክልከላ ነው። ሆኖም የዚህን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምታውቁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በነሐሴ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወበቁ ላብ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ ላብ ካልደረቀ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ጃንጥላ ሥር ቆሞ የሚያዝዘውና ብረት የሚያስረው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቴርሞሜትር ሥር ናቸው፤ ልባቸውና ኩላሊታቸው የሚሸከመው ሙቀት ግን አንድ አይደለም። በኳታር የሞቱ የኔፓል ሠራተኞችን የመረመረ በ2019 የታተመ ጥናት በሞቃት ወራት የልብ ሞት እንደሚጨምር አሳይቷል፤ የሞቱትም ወጣቶች ነበሩ፣ እነርሱም ተመርምረው የገቡ።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ይህ ሁሉ በአደባባይ ታየ። በሚያዝያና በግንቦት በአገሪቱ ከተመዘገቡት አዳዲስ ታማሚዎች አብላጫው የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ ከሕዝቡ ግን ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ምክንያቱን ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ተናግረውታል፤ ሠራተኞች ተጨናንቀው የሚያድሩባቸው ቤቶች። እዚሁ ደማም ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ከተማ ተዘግቶ ነበር። በአንድ ክፍል ተደራርቦ የሚተኛ ሰው ርቀትህን ጠብቅ ሲባል ወዴት ይራቅ? በዚያው ጊዜ የሆነ ሌላ ነገርም አለ። በመጋቢት 30 ቀን 2020 ንጉሥ ሰልማን ለማንኛውም ሰው፣ ኢቃማ ለሌለውም ጭምር፣ የኮሮና ሕክምና በነፃ እንዲሰጥ አዘዙ። ታማሚው ወረቀቱን ሳይጠየቅ ታከመ። ይህ የሚያስመሰግን ውሳኔ ነበር፤ ለክርክሬ ያለው ትርጉም ደግሞ ግልጽ ነው። በበሽተኛና በሐኪም መካከል የቆመው በር በሰው ውሳኔ የተዘጋ ስለሆነ በሰው ውሳኔ ሊከፈት ይችላል፤ በአንድ ትእዛዝ ተከፍቶም ታይቷል።

አሁን የሚነሡትን ተቃውሞዎች ልመልስ። የመጀመሪያው «በፈቃዳቸው ነው የመጡት፣ አገር ቤት የማያገኙትን ገንዘብ ያገኛሉ» የሚለው ነው። ገንዘቡ እውነት ነው። ግን ክርክሩን የሚያጠናክረው ይሄው ነው፤ ገቢዋ ከፍ ብሎ ጤናዋ ከወረደ፣ ጤናን የሚጎዳው ከገቢ ሌላ ነገር መኖሩ ተረጋገጠ ማለት ነው። ሁለተኛው «ራሳቸውን አይጠብቁም፣ ውኃ አይጠጡም፣ አይመረመሩም» የሚል ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ ላይ ያለ ሰው ውኃ መጠጣት ቢቀንስ ስንፍና ነው አልልም። ጠባይ የሚበቅለው ኑሮ ባለበት አፈር ላይ ነው፤ የኋይትሆል ጥናትም ጠባይን ከቆጠረ በኋላ ልዩነቱ አብዛኛው እንዳለ መቅረቱን አሳይቷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ «ስኳርና ውፍረት ከሠራተኞቹ ይልቅ በባለቤቶቹ ይበዛል፤ ታዲያ እርከን ከፍ ያለው ነው እኮ የታመመው» ይላል። ስኳር በሳዑዲ ዜጎች ዘንድ በእርግጥ ተስፋፍቷል። ሆኖም ስኳር ያለበት ዜጋ ክትትል አለው፣ ኢንሱሊን አለው፣ ዕድሜም አለው። የቤት ሠራተኛዋ ስኳር ቢገኝባት ብዙ ጊዜ የሚቆረጥላት የሐኪም ቀጠሮ ሳይሆን የአውሮፕላን ትኬት ነው። ማኅበራዊ ቦታ የሚወስነው የትኛው በሽታ እንደሚይዝህ ብቻ አይደለም፤ ከያዘህ በኋላ ምን እንደሚደርስብህም ነው። ይህ የመጨረሻውንም ተቃውሞ ይመልሳል፤ «የሆስፒታል መዝገብ ስደተኞች ከሌላው የባሱ እንዳልሆኑ ያሳያል» ለሚሉት። መዝገቡ ላይ የሚቀሩት ጤነኞቹ ናቸው። የታመመው ይመለሳል፣ በሽታውም ከነሻንጣው ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ጅማ ይሄዳል። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አገር ሲመለሱ፣ ከእነርሱ ጋር የተመለሰውን ሕመም በዚህ አገር መዝገብ የሚፈልግ አያገኘውም። ከመካከለኛው ምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ የተመለሱ ኢትዮጵያውያንን ያየ በ2017 የታተመ ጥናት ከአራቱ ከአንዱ በላይ የአእምሮ ጤና መታወክ ምልክት እንደነበረባቸው አግኝቷል። ተቀባዩ አገር ጤነኛውን ተረክቦ በሽተኛውን ይመልሳል፤ የማስታመሙን ወጪ የሚሸከሙት ድሃዋ አገርና ደካማ እናት ናቸው።

ይሁን እንጂ ጣት ወደ ውጭ ብቻ መቀሰር አይቻለንም። እህቶቻችን ለምን መጡ ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው ያንኑ እርከን ነው። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፣ በአዲስ አበባ 15። በከተማ ከመቶ ወሊድ 79ኙ በጤና ተቋም ሲሆን በገጠር 20 ብቻ። አንድ ባንዲራ፣ ሁለት ዕጣ። የወሎዋ ልጅ እዚህ ጀርባዋን የምታጎብጠው እዚያ ያለው ታናሽ ወንድሟ እንዳይቀነጭር፣ እናቷ በጤና ጣቢያ እንድትታከም ነው። በሐዋላ የሚሄደው ሪያል የአንዱ የቤተሰብ አባል ጤና ተሸጦ የሌላው የተገዛበት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ይህ ግን ሊለወጥ የማይችል ዕጣ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀምራ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶችን፣ በጠቅላላው ከ30,000 በላይ፣ አሠማራች። በ2000 ከሺህ ሕፃናት 166 አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ደርሷል። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ነገር ግን ሕክምናው ቤት ድረስ መሄዱና የገጠር ሴት ፈቃጅ ሳትለምን አገልግሎቱን ማግኘቷ ከዋነኞቹ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ርኅራኄን አይደለም። ርኅሩኅ አሠሪ ብዙ አለ፤ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ክብር ይገባዋል። የሰው ጤና ግን በሰው ደግነት ላይ ከተንጠለጠለ ደግ ያልገጠማት ትሞታለች። የኢትዮጵያ መንግሥት ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ያለውን የሥራ ስምምነት ሲያድስ ከመጀመሪያዋ ሠራተኛ ጀምሮ የጤና መድን ያለበት፣ ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሐኪም ዘንድ የምትሄድበት፣ ስልኳ ከእጇ የማይወሰድበት ውል ካልሆነ አይፈርም። ከዚህ እስከ ሪያድ ኤምባሲ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቤት ውስጥ ላለች ሴት ይህ ርቀት ከአገር የሚተካከል ነውና ኤምባሲው በተወሰነ ጊዜ ወደ ደማም እየመጣ ያገልግል። ሬሳ ወደ አገር ሲላክ የሞት ምክንያት በትክክል ይጻፍ፣ ይደመር፣ በየዓመቱም ይታተም፤ ያልተቆጠረ ሞት ማንንም አያስጠይቅም።

እናንተም ከዚህ ስትወጡ የምትጠብቁት ሹም አይኑር። አረብኛ የምትችሉ፣ በተለይም በሆስፒታልና በመድኃኒት ቤት የምትሠሩ፣ ስልካችሁን ለማኅበራችሁ ሰጥታችሁ ለእህቶቻችሁ በስልክ አስተርጉሙ። መኪና ያላችሁ በሳምንት አንድ ቀን ለታመመ መድቡት። የእድር ገንዘባችን ሬሳ መላኪያ ብቻ መሆኑ ይብቃ፤ ሰው በሕይወት ሳለ የሚታከምበት መዝገብ ዛሬውኑ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ይከፈት፣ የመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎችም እኛ እንሁን።